ሣጥኑን ማን ሠራው

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። የሻሽወርቅ ያላት አንድ ወንድም ነበር። እናታቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብራ የመጨረሻውን ስትወልድ ተካልኝ አለችው። እሷም ብዙ አልቆየች፤ ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው አረፈች። ከዚያ ወዲያ ያሳደገችው የሻሽወርቅ ናት። ሊያገቧት የመጡትን ሁለት ሰዎች «ከነወንድሜ ከሆነ» ብላ ብትመልሳቸው ሁለቱም በዚያው ቀሩ፤ እሷም እምብዛም አልቆጫትም። በስልክ መሥሪያ ቤቱ የጥገና ክፍል ካውያ ይዛ የተቃጠለ ስልክ ስትበይድ ትውላለች፤ ልጁም ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው ጭቃ መንገድ ዳር ባለችው የቀበሌ ቤታቸው ጊታር ሲነካካ አደገ።

የ1976 ክረምት ሲገባ ተካልኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር የመጣው በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዙር ልጆች በጭነት መኪና ተጭነው ሄደዋል። ለሁለተኛው ዙር ቀበሌው ስም መዝግቦ ጨርሷል፤ የተካልኝ ስም አሥራ አንደኛ ላይ ነው። ይህን ለየሻሽወርቅ የነገራት ራሱ ጓድ ረታ ነበር።

ጓድ ረታ የቀበሌው የኪነትና የቅስቀሳ ኃላፊ ነው፤ ተካልኝ ጊታር የሚጫወትበት የቀበሌው ኪነት ቡድንም በእሱ ሥር ነው። ከአብዮቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም። ሳቂታ ነው፣ ሕፃናትን በስማቸው ይጠራል፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል። ክፉ ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሠራውን ያስታውሳል።

«ጓድ የሻሽወርቅ» አላት፣ ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝቷት። «አብዮታችን አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የየቀበሌው ኪነት በከፍተኛው አስተዳደር ፊት ይወዳደራል። ያሸነፈው ቡድን ልጆች ወደ ከተማው ኪነት ይዛወራሉ። ወደዚያ የተዛወረ ደግሞ...» ጣቱን በአየር ላይ እንደ እስክሪብቶ ሰነዘረ። «ከዝርዝሩ ይሰረዛል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጓድ ረታ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። የሌሎቹ ቀበሌዎች ጊታር እንደ ታንክ ያጓራል። የኛ ልጅ ጊታር ግን ይለማመጣል። በአብዮት መድረክ ላይ ልመና አያስፈልግም።»

ነገሩን ለተካልኝ ስትነግረው ልጁ ገባው። የሌሎቹ ጊታር የሚያጓራው በእግር በሚረገጥ ሣጥን ነው፤ ሙዚቀኞቹ ዲስቶርሽን ይሉታል።

«ፔዳል ነው እትዬ። ጊታሩ እሱ ውስጥ ይገባል። ንጹሑ ድምፅ ይገባል፣ ሻካራ ሆኖ ይወጣል።»

«ደህናውን ማበላሸት ነዋ!»

«በልክ ማበላሸት ነው።»

«ይኼ ከሆነማ እኛ ክፍል በየቀኑ ተሠርቶ ይመጣልናል» ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን እያሰበች ነበር። ያ ሣጥን በአገር ውስጥ አይሸጥም፤ ያላቸውም ያገኙት ከውጭ ባመጣላቸው ሰው ነው። ሰው የሠራውን ግን ሰው መሥራት አያቅተውም፤ እሷ በሕይወቷ ከተማረችው ሁሉ አጥብቃ የምታምነው ይህን ነበር።

ተካልኝ የሚያውቀው አንድ ጊታሪስት አትላስ አካባቢ ካለ ሆቴል ይጫወት ነበር። ባንዱ ሰኞ ሰኞ ያርፋል። ልጁ ለምኖት፣ የእሱን ሣጥን ሰኞ ጧት ወስዶ ከመምሸቱ በፊት ሊመልስ ተስማሙ። የሻሽወርቅ በዚያ ሰኞ ጥርሴን አመመኝ ብላ ከሥራ ቀረች። በአሥራ አራት ዓመት አገልግሎቷ የመጀመሪያው ውሸት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ አራቱን ብሎን ፈታች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ወደ ውስጥ አየች።

«ይኼው ነው?»

ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተር። ያን ሁሉ ጉራ የሚነዛው ዕቃ ሆዱ ውስጥ ያለው ከአንድ ስልክ ያንሳል። የቀበሌ ስብሰባ መጥሪያ ወረቀት ገልብጣ በጀርባው ላይ ሣለችው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ፣ የእያንዳንዷ ሬዚስተር ልክ የሚነበብባቸው ቀለበቶች ምን ምን ቀለም እንደሆኑ፣ አንድ በአንድ። ጎረቤታቸው ፈለቀች የተበደረችውን ወንፊት ልትመልስ መጥታ ወረቀቱን አየችና «የዘመድ ሐረግ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። የሻሽወርቅ አዎ አለቻት፤ ፈለቀችም በነገሩ ሳትገረም ሄደች።

ሥዕሉ ተገኘ፤ ዕቃው ግን ገና ነው። ሬዚስተሩና ካፓሲተሩ ከተጣሉ ስልኮች ሆድ ይለቀማል። ትራንዚስተሩ ግን የዚያ ዓይነት፣ የድሮ ሬዲዮ ውስጥ የሚገኘው መሆን አለበት። ለዚህ ጋሽ አብዱልገኒ ዘንድ ሄደች።

ጋሽ አብዱልገኒ ከወሎ የመጡ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ወደ ገርጂ መታጠፊያው ላይ ባለችው የቆርቆሮ ሱቃቸው ሃያ ዓመት ተቀምጠዋል። በዚያ ክረምት ከስተው ነበር። እህታቸው ሐሊማ ከአምስት ልጆቿ ጋር ቆቦ ናት፤ ከሰኔ ወዲህ ከእሷ ዘንድ ወሬ የለም። አገሩ ደርቋል ይባላል፤ የአገሩ ሬዲዮ ግን ስለ ክብረ በዓል ብቻ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ጋሽ አብዱልገኒ ፀሐይ ስትጠልቅ በራቸውን ይዘጉና ጆሯቸውን አንድ ትንሽ ሬዲዮ ላይ ለጥፈው ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የአማርኛ ዜና ያዳምጣሉ። የተከለከለ ነው። የሻሽወርቅ ታውቃለች፣ እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ።

የምትፈልገውን ስትነግራቸው ሱቁን አላሰሱም። በቀጥታ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ሬዲዮ አወረዱ።

«ባለቤቱ ሐሙስ መጥቼ እወስዳለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ይመጣል እያልኩ አልነካሁትም።»

«ይተውት እንግዲያ፣ ጋሼ...»

«አይ። ወጣት ልጅ ነበር። ለወጣት ይሁን።» ጀርባውን ከፍተው ትራንዚስተሮቹን በጥንቃቄ አወጡና በወረቀት ጠቅልለው እጇ ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «አንድ ነገር ግን ስሚኝ ልጄ። ቆርቆሮ አልብሺው። ቆርቆሮውንም ከመሬት ሽቦው ጋር በይጅው። ይህ ዓይነቱ ነገር ራቁቱን ከተተወ ሬዲዮ ነው የሚሆነው። ቀን ዝም ይልሻል። ማታ አየሩ ሲከፈት ግን ያገኘውን ሁሉ ይለፈልፋል።»

ቆርቆሮ ከማን ይጠፋል? ከጓሮ የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ባዶ ጣሳ አነሳች። ጎኑ ላይ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ የአሜሪካ እርዳታ ሥዕል አለበት። በስተውስጥ ያለው ገጽ ቀለም ስለሌለው የብየዳ እርሳስ ይይዛል፤ በስተውጭ ያለውን ሥዕል በቀይ ቀለም ሸፈነችው። መርገጫው ከሞተ ቮልስ መኪና ወለል የተነቀለ የመብራት መለወጫ ነው፤ አንዴ ሲረግጡት ይበራል፣ ደግመው ሲረግጡት ይጠፋል። ኃይሉ ስድስት የባትሪ ድንጋይ፣ በፕላስተር ታስረው። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ሁለት ጊዜ ሳይሠራ ቀረ፣ አንድ ጊዜ ጨሰ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተካልኝ ጊታሩን ሰካ፣ ሌላውን ሽቦ ከአሮጌ ግራሞፎን ባወጣችለት ማጉያ ላይ ሰካ፣ ረገጠ፣ አንድ ክር መታ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተነካኩ። በአጥሩ ማዶ የፈለቀች ድምፅ መጣ።

«የሻሽዬ፣ ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ?»

ተካልኝ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ እህቱን አቅፎ ከመሬት አነሳት። የሻሽወርቅ ደስ አላት። ከእናቷ ሞት በኋላ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። የሚያጓራው ጊታር አልነበረም ደስ ያሰኛት፤ ከአሥራ አንደኛው መስመር ላይ አንድ ስም ሲሰረዝ በዓይነ ኅሊናዋ ስላየች ነው።

ውድድሩ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው በቀበሌው አዳራሽ የመጨረሻው ልምምድ ሆነ። ጓድ ረታ ድምፁን ሲሰማ አጨበጨበ። ራሱም ካልረገጥኩት አለ። በከባድ ጫማው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ረገጠው፤ ጫማው ሲንሸራተት ቀዩን ቀለም ላጠው። ከሥሩ የተጨባበጡት እጆች ብቅ አሉ።

ጎንበስ ብሎ አየው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ይኼ የማን እጅ ነው?»

ጣሳውን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«የኢምፔሪያሊስት እጅ በአብዮት መድረክ ላይ! ሆድቃውን አውጪውና የጣውላ ሣጥን ይሠራለት። አናጢው ዛሬውኑ ይሥራው፤ ኮከብም ይቀረጽበት።»

የሻሽወርቅ ለመናገር ደፈረች። «ጓድ ረታ፣ ቆርቆሮው ለጌጥ አይደለም። ሌላ ድምፅ እንዳይገባበት ነው የሚከላከልለት።»

«ሌላ ድምፅ?» አላት። ከልቡ ነበር የተገረመው። «በዚህ አገር ሌላ ምን ድምፅ አለ?»

ሆድቃውን አወጣችለት። ባዶውን ጣሳ በብብቱ ይዞ ወደ ቢሮው ሄደ።

የጣውላው ሣጥን የመጣው በማግስቱ ጧት፣ ውድድሩ በሚውልበት ቀን ነው። ኮከቡ አምሮበታል። አናጢው ግን በዓይኑ ለክቶ ስለሠራው ጠባብ ሆኖ፣ ሌላ ቆርቆሮ አስገብታ ልትደርብበት ብትሞክር አልገባ አለ። ጊዜ የለም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ከየሱቁ ለቃቅማ የሣጥኑን ውስጥ በሙጫ ለበጠችው። የመሬቱን ሽቦ ልትበይድበት ስትሞክር እርሳሱ እንደ ውኃ ተንከባልሎ ወረደ፤ ያ ወረቀት ብየዳ አይቀበልም። ሽቦውን በአንዲት ብሎን ሥር አጣብቃ አጠበቀችው። በመሥሪያ ቤቷ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ሥራ ራሷ ነበረች የምትመልሰው።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሞከሩት። አጓራ። ሳይመታ ዝም ሲል ጆሯን ማጉያው ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ጸጥ ብሏል።

«ሠርቷል እትዬ!»

ሠርቷል። ግን ቀን ነው። የጋሽ አብዱልገኒ ቀሰር ያለች ጣት ትዝ አለቻት። እስኪመሽ ቆይቶ ለመሞከር ጊዜ የለም፤ በሰዓት እላፊው ምክንያት ውድድሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሄዳ ልታማክራቸው ትችል ነበር። አልሄደችም፤ አይሆንም እንዳይሏት ፈራች። ሰው ሲጨንቀው የሚፈልገውን ነው የሚያምነው።

«ስትመታ ብቻ ርገጠው» አለችው ለተካልኝ። «ዝም ስትል ወዲያው አጥፋው። አንድ ደቂቃ እንኳ ዝም ብለህ ከፍተህ እንዳትቆም።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«በእናቴ አጥንት።»

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። በዚያ ምሽት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከፊት የከፍተኛው ዳኞች፣ ከኋላ ቀሪ እንዳይመዘገብበት ፈርቶ የመጣ ሕዝብ። የሻሽወርቅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋሽ አብዱልገኒ ሁለት ወንበር አለፍ ብለው። ዝናቡ አባርቶ የጠለቀችው ፀሐይ በመስኮቱ ላይ ቅላቷን ትታ ነበር። የመጀመሪያው ቀበሌ ዘፍኖ ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። ከዚያ የእነሱ ተራ ደረሰ።

ቦሌ አካባቢ ያደገ ሰው አንድ አመል አለው። አውሮፕላን ሲያርፍ ወሬውን ያቋርጣል፤ ቃሉን እመሃሉ ላይ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም ሳያስተምረው ነው። ለቀስተኛ ሳይቀር ያቋርጣል።

ተካልኝ ወደ መድረኩ ፊት ወጣ። ዘፈኑ የሚጀምረው በጊታሩ ጉርምርምታ ነው። ሣጥኑን ረገጠ፣ ቀኝ እጁን አነሳ። በዚያች ቅጽበት አንድ ትልቅ አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካው እስኪመስል ዝቅ ብሎ መጣ። ልጁም እንደ አመሉ እጁን እንዳነሳ ቆመ። አዳራሹ በሙሉ ካለበት ሳይንቀሳቀስ ጠበቀ። የሻሽወርቅ ብቻ ከወንበሯ ተነስታ በእጇ «አጥፋው፣ አጥፋው» ትለዋለች፤ እሱ ግን የሚያየው ዳኞቹን ነው።

አውሮፕላኑ አለፈ። በተወው ጸጥታ ውስጥ፣ ከትልቁ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ፣ አንድ የረጋ የወንድ ድምፅ ተናገረ።

«...በወሎ ክፍለ ሀገር በረሃብ የሚሞተው ሕዝብ ቁጥር በየቀኑ እየጨመረ ነው። ከቆቦ የተመለሱ የእርዳታ ሠራተኞች እንደገለጹት፣ በመንገዱ ዳር የወደቁትን እናቶችና ሕፃናት የሚቀብር...»

«ያ አላህ! ሐሊማዬን!»

ጋሽ አብዱልገኒ ነበሩ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ተካልኝ ደንግጦ ሣጥኑን ረገጠ፣ ድምፁ ጠፋ። በአዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የአንድ ሽማግሌ ሲቃ ብቻ ሆነ። ብዙ ሰው ሊያለቅስ ፈልጎ ነበር፤ ወሎ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ሁሉም ግን መሬት መሬት ያያል።

ጓድ ረታ ማይክሮፎኑን አነሳ። አልጮኸም። ሁለት ጥበቃዎችን ጠቀሰ፤ ጋሽ አብዱልገኒን ብብትና ብብታቸውን ይዘው ከመድረኩ ሥር አቆሟቸው።

«የጠላት ሬዲዮ በአብዮት መድረክ ላይ። የሰፈሩ ሬዲዮ ሠሪ ደግሞ አንተ ነህ። አልቃሻውም አንተው። ሣጥኑን ማን ሠራው?»

ያው ሰው ትናንት «ሆድቃውን አውጪው» ብሎ ያዘዛት ነው። ያስታውሳል ብላ ጠበቀች፤ ወደ እሷ ዞር እንኳ አላለም። ዳኞቹ የሚያዩት እሱን ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው እውነተኛው ሰው ሳይሆን አንድ ሰው ነበር።

ጋሽ አብዱልገኒ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላውቅም» አሉ። የሻሽወርቅን አላዩዋትም። እንዳያይዋት ሲጠነቀቁ አንገታቸው ደርቆ ነበር።

«ሣጥኑን ማን ሠራው?»

እኔ ነኝ፤ ሁለት ቃል ነው። የሻሽወርቅ እንደቆመች አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ወንበሯ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። ያቺን መቀመጥ በኋላ በዕድሜዋ ሙሉ ስታስባት ኖራለች። ማንም አላስቀመጣትም፤ ፈርታ ነው የተቀመጠችው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቀው።»

«እኔ ነኝ» አለ ተካልኝ ከመድረኩ ላይ። «እኔ ሠራሁት። ከመጽሐፍ አይቼ። እሳቸው ምንም አያውቁም።»

ጋሽ አብዱልገኒ በሁለተኛው ቀን ተለቀቁ። ተካልኝ ሃያ ቀን በቀበሌው እስር ቤት ቆየ። የሻሽወርቅ ስንቅ ስታመላልስ ሁለት ጊዜ ብቻ በበሩ ቀዳዳ አየችው። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነገር ነው ያላት። «ዝም በይ እትዬ። አሁን ከተናገርሽ ሁለታችንም ነን።» እሷም ዝም አለች። ስሙ ከአሥራ አንደኛ ወደ አንደኛ ወጥቶ፣ መስቀል ሳይደርስ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው በኅዳር ነው። ከሰላምታው በታች እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ሬዲዮ እንደምሠራ ከቀበሌ ተጽፎ በፋይሌ ላይ ስለተገኘ የመገናኛ ሠራተኛ አድርገውኛል። ሬዲዮውን በጀርባዬ የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ሲበላሽም የምጠግነው እኔ ነኝ። የእናታችንን ጥልፍ ረስቼዋለሁና ስለ ክሮቹ ቀለም ጻፊልኝ።»

እናታቸው ጥልፍ አትችልም ነበር። የሻሽወርቅ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብባ ገባት። የወታደር ደብዳቤ እየተከፈተ ይነበባል። ልጁ በሕይወቱ ካውያ ይዞ አያውቅም፤ ይህ ከታወቀ ደግሞ ሣጥኑን ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ እንደገና ይነሳል።

የሬዚስተሩን ቀለበቶች በክር ስም ጻፈችለት። «ጥቁሩ ክር ከቁጥር አይገባም። ቡኒው አንድ ጊዜ ይጠለፋል፣ ቀዩ ሁለት ጊዜ፣ ብርቱካኑ ሦስት፣ ቢጫው አራት።» በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤ፣ በየደብዳቤው አንድ ትምህርት። መርፌው ሳይግል ክር አይያዝም፤ ጨርቁን እንዳታቃጥል ቶሎ አንሳ። በአሥራ አራት ዓመት ያወቀችውን ሁሉ ጥልፍ አድርጋ ላከችለት። በጦር ሬዲዮው ነገር ሲቸግራት ጋሽ አብዱልገኒን ትጠይቃለች። እሳቸው የሐሊማን መርዶ በጥቅምት ሰምተዋል፤ ከአምስቱ ልጆች የተረፈው አንድ ነው። ስለዚያ ምሽት አንድ ቀን እንኳ አልወቀሷትም። ወቅሰዋት ቢሆን ይቀላት ነበር።

ልጁ ተማረ። በጥር «አንድ ጥልፍ ራሴ ጨረስኩ፣ አዛዡ ወደዱልኝ» ብሎ ጻፈ። የሻሽወርቅ ደብዳቤውን ይዛ ሥራ ቦታዋ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ በተቻኮለ የእጅ ጽሕፈት ይህ መጣ፦

«እትዬ፣ ጀርባዬ ላይ ያለው ጥልፍ ተቸግሮብኛል። ክሮቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው፤ ግን አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ስንንቀሳቀስ ይብሳል። በቅርቡ ትልቅ ጉዞ አለን ይባላል። ከየት ልጀምር?»

ከጋሽ አብዱልገኒ ጋር መመካከር አላስፈለጋትም። ሲንቀሳቀስ የሚብስ ነገር የላላ የመሬት ሽቦ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያው ቀን ጻፈች፦ «ከቋጠሮው ጀምር ወንድሜ። ከታች፣ ክሩ ከጨርቁ ጋር የሚታሰርበትን እይ። በብሎን ሥር የተጣበቀ ከሆነ አትመነው። ጥልፉ ሁሉ የሚበላሸው በእሱ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።» «በብሎን» ብላ መጻፏን ያየችው ፖስታውን ከከተተች በኋላ ነው። ብሎን ያለበት ጥልፍ የት አገር አለ? አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ ቃል ስትጨነቅ ሰነበተች።

ያለምክንያት ነው የተጨነቀችው። ደብዳቤው አልተከፈተም። በነሐሴ፣ ልክ በዓመቱ፣ ማዕዘኑ ተበልቶ በሦስት ማኅተም ተመትቶ ተመልሶላት መጣ። ከፊቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ተቀባዩ የለም» ተብሎ ተጽፎበታል። የለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፖስታ ቤት የሚነግራት አላገኘች።

ፖስታውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቀበሌ ሄደች። ተራ ጠበቀች። ጓድ ረታ በዓመቱ ወፍሯል፤ ለአሥራ አንደኛው ዓመት በዓል መፈክር እየመረጠ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እርሳሶችና እስክሪብቶዎች የተሰገሰጉበት አንድ ጣሳ ቆሟል። ግማሽ ጎኑ ቀይ ነው፤ በግማሹ ሁለት እጆች ይጨባበጣሉ።

«አቤት እናት፣ ምን ነበር?»

ስሟን እንኳ ረስቶታል። የሻሽወርቅ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። በዚህ ጊዜ አልተቀመጠችም።

«ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች።

ጓድ ረታ ከጣሳው አንድ እስክሪብቶ እየመዘዘ ቀና ብሎ አያት።

«የቱን ሣጥን?»